ተማሪዎቻችን ማዋለድ ይማራሉ፣ መሸኘትስ?

ሀዋሳ ውስጥ የነርሲንግ ተማሪዎችን ይዤ ዋርድ፣ የሆስፒታል በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ እገባለሁ። ሥራዬ ክፍል ውስጥ የተማሩትን አልጋ አጠገብ እንዲሠሩት ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሎግ ቡክ አለው። ካኑላ ማስገባት፣ ካቴተር ማስገባት፣ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ምጥ መከታተል፣ ማዋለድ፤ ለሁሉም መስመር አለው። ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጻፋል፣ አጠገቡ የቆመው ባለሙያ ይፈርምበታል። ፊርማው ካልሞላ አያልፍም። ጥሩ አሠራር ነው፣ እጅ የሚፈታው በዚህ ነው።

እስኪ ሎግ ቡኩን ገልበጥ አድርጉና ሰው ሊሞት ሲቃረብ ነርሷ ምን እንደምትሠራ የሚል መስመር ፈልጉ። ቢገኝ የሚገኘው ከሞት በኋላ ያለው ነው፤ አስከሬን ማጽዳት፣ መገነዝ፣ መለያ ማሰር። ከዚያ በፊት ስላሉት ሰዓታትና ቀናት፣ ሰውየው ገና እየሰማ፣ እያመመው፣ እየፈራ፣ ልጆቹን እየጠራ ባለበት ጊዜ ስለሚሠራው ሥራ በእጄ ባለፉት ሎግ ቡኮች ላይ አንድም መስመር አላየሁም።

ነገሩን አስቡት። ነርስ ሆኖ ከተመረቀ በኋላ አንድም ልጅ ሳያዋልድ ጡረታ የሚወጣ አለ፤ ዓይን ክሊኒክ የተመደበ ምጥ አያጋጥመውም። ሰው ሲሞት ሳያይ ጡረታ የሚወጣ ግን የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ በእርግጠኝነት የሚጠብቃቸውን ነገር ሳናስተምር ነው የምናስመርቃቸው።

ራውንድ ሲዞር፣ ሐኪሞች አልጋ በአልጋ እየሄዱ በሽተኛ ሲያዩ፣ ደግሞ ታያላችሁ። ሊድን የሚችል በሽተኛ አልጋ ጋር ሐኪሙ ይቆማል፣ ተማሪ ይጠየቃል፣ ኤክስሬይ ወደ መስኮቱ ይነሳል፣ ክርክር አለ። ጥግ ያለችው አልጋ ጋር ሲደረስ ድምፅ ይቀንሳል። "ያው ይቀጥል" ተብሎ ይታለፋል። ተማሪው እዚያች ጋር ትልቅ ትምህርት ይወስዳል፣ ማንም አላስተማረውም ግን ይገባዋል፤ የሚሞት ሰው ጋር አይቆምም። ይሄን ትምህርት ማጥፋት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የሚያከብራቸው ሰዎች በሥራቸው ነው ያሳዩት።

ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። እነሱንም ያስተማራቸው የለም። ሊያድኑት የማይችሉት ሰው ፊት ምን እንደሚባል የማያውቅ ሰው ቶሎ ቢያልፍ አይገርምም።

"ምንም የሚደረግ ነገር የለም" የሚለውን አነጋገር ከጤና ባለሙያ አፍ ባወጣው ደስ ይለኛል። በሽታውን ማዳን አይቻል ይሆናል። ህመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል። የትንፋሽ እጥረቱን ማቅለል ይቻላል። አፉ ሲደርቅ ማራስ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ሆዱ ሲደርቅ ማለስለስ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስደው ማድረግ፣ ቤተሰቡ ምን እየሆነ እንዳለ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ ወይም ፓስተሩ በጊዜ እንዲጠሩ ማድረግ። ይሄ ሁሉ ሙያ ነው። ይለማመዱታል፣ ይፈተኑበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰው ፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም በከባድ በሽታ ላለ ሰው ሥቃይን የሚያቀል እንክብካቤ፣ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ በመጨረሻ የሕይወት ዓመታቸው ላይ ያሉት 25.7 ሚሊዮን ናቸው፣ ሌሎቹ ገና ረጅም ጊዜ ከበሽታቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ነፍስ ልትወጣ ስትል ብቻ የሚታሰብ ነገርም አይደለም።

ከህመሙ ልጀምር፣ ምክንያቱም ህመሙ ካልተያዘ ሌላው ሁሉ አይሠራም። ጥርሱን ነክሶ ግድግዳ የሚቧጥጥ ሰው ጋር ስለ ምን ይወራል?

ተማሪዎቼን ስለ ሞርፊን፣ ስለ ጠንካራው የህመም ማስታገሻ፣ ንገሩኝ ስላቸው ቶሎ የሚመጣላቸው ሁለት ነገር ነው፤ ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ያቆማል። መድኃኒቱ በዘፈቀደ ሲሰጥ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ አልካድኩም። ግን በካንሰር ህመም ለሚሠቃይ ሰው በትንሹ ተጀምሮ፣ ህመሙ እየታየ ቀስ ተብሎ ከፍ የሚደረግ፣ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ ለማያውቅ አዋቂ ሰው መነሻው በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፣ ላረጀና አቅሙ ለደከመ ሰው 2.5፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል፣ ሰዓቱም ይራራቃል። የሚሰጠው በሰዓቱ ነው፤ ሰውየው እስኪጮህ ተጠብቆ አይደለም። በመሃል ህመሙ ብቅ ካለ ተጨማሪ ይሰጠዋል፣ ያም ይመዘገባል፣ ነገ መጠኑን ለማስተካከል የሚረዳው ያ ነው። ሞርፊን ሲጀመር የሆድ ማለስለሻ፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ በዚያው ቀን አብሮ ይጀመራል። ማቅለሽለሹና ድብታው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃል፣ ድርቀቱ ግን አይለምድም። ይሄን የማያውቅ ነርስ ህመሙን አስታግሶ በሆድ ድርቀት ያሠቃየዋል። ትንፋሽ ያቆማል ተብሎ የሚፈራው ይሄው መድኃኒት በትንሽ መጠን በትክክል ሲሰጥ የሚያፍን የትንፋሽ እጥረትን እንደሚያቀል ስነግራቸው ደግሞ ዓይናቸው ይፈጣል።

በሌላ በኩል ፔቲዲን የሚባል ሌላ የህመም ማስታገሻ አለ። ዋርድ ውስጥ ለምደነዋል፣ እጃችን ይሄድለታል። ለቀናትና ለሳምንታት ለሚቆይ ህመም ግን አይመከርም፤ ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ የሚወጣው ነገር ሲጠራቀም ያንቀጠቅጣል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነገር ያመጣል። ይሄ ፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ችግሩ ከበሽተኛው ጋር አገናኝቶ የሚያስተምረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጣው የኮሚሽን ሪፖርት እንዳለው በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ይሄን ቁጥር ስታዩ ስለ ገንዘብና ስለ ግዢ ታስባላችሁ፣ ልክ ነው። ግን የትምህርቱም እጅ አለበት። የሚያዝ ሐኪም ከሌለ ፋርማሲው ለምን ያስመጣል? ቢያስመጣስ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ጎበዝ ሐኪም ሊያዝ ሲፈልግ "የለም" ይባላል፣ እሱም መጻፍ ይተዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ እዚህ ደረስን።

ኡጋንዳ ጎረቤት ናት ማለት ይቻላል፣ ከእኛ ብዙ የተለየ ሀብት የላትም። እዚያ ዶክተር አን ሜሪማን የሚባሉ ሐኪም በ1993 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ ሆስፒስ፣ ሊድኑ የማይችሉ ሰዎችን የሚንከባከብ ተቋም፣ ጀመሩ። የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በጠርሙስ የሚታደልበት ቀላልና ርካሽ አሠራር ተለመደ። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕጉ ተስተካክሎ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ራሳቸው ሞርፊን እንዲያዙ ተፈቀደ። ገጠር ውስጥ ከነርስ ሌላ ማን አለ? መጀመሪያ ነርሶቹን አሠለጠኑ፣ ከዚያ አመኗቸው።

ህመሙን መለካትም ይማራል። መጽሐፉ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይላል። ፊደል ላልቆጠሩ አያት ህመምዎ ከአሥር ስንት ነው ማለት ግን ብዙም አያስኬድም። አፍሪካ ውስጥ በፓሊየቲቭ ኬር የሚሠሩ ባለሙያዎች በእጅ ጣት ነው የሚጠይቁት። ጭብጥ ያለ እጅ ምንም ህመም የለም ነው፣ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ ሊቋቋሙት የማይችሉት ነው። ተማሪ ይሄን በአንድ ደቂቃ ይማረዋል። ጠዋት አራት ጣት ያወጡ እናት ማታ ሁለት ካወጡ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል።

አሁን ወደ ንግግሩ። ይሄኛው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ተማሪዎች በጣም የሚፈሩት እሱን ነው።

ከሲዳማ ቡና አምራች አካባቢ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። አንዱን ተማሪዬን እጁን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ ቡና እስኪለቀም እቆይ ይሆን?" አሉት። ለቀማው ገና ወራት ይቀረው ነበር። ልጁ ደንግጦ "ይድናሉ አባባ፣ አይዞዎት" አላቸው። ክፉ አላሰበም፣ አብዛኞቻችን የምንለው ነው። ግን እሳቸው የጠየቁት ስለ መዳን አልነበረም። ቡናው ማን እንደሚለቅመው፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ፣ ያለባቸው ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ነው ያሳሰባቸው። "ይድናሉ" ሲባሉ ወሬው ተዘጋባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ታዲያ ምን ይባል ነበር? እኔ ለተማሪዎቼ የማስለምዳቸው እንዲህ ነው። ወንበር ስበህ ተቀመጥ፣ ቆመህ አትመልስ። "የቡናው ነገር አሳሰበዎት አባባ?" በል። ከዚያ ዝም በል፣ ይናገሩ። "ሐኪሙ ስለ ህመምዎ ምን ነገረዎት?" በል። የሚያውቁትን ከእሳቸው ስማ፣ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ከምናስበው በላይ ያውቃሉ። ስለ ጊዜው ማወቅ እንደሚፈልጉ ከተረዳህ ሐኪሙን ጥራ፣ አንተ ግን ጥለህ አትሂድ። "ስለ ቡናው ከልጆችዎ ጋር ዛሬውኑ ቢነጋገሩ ጥሩ ነው፣ እኔም ልጥራልዎት" ማለት ውሸት የለበትም፣ ጭካኔም የለበትም። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ፣ ነርስም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ሐኪምም የነበሩት፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የዘመኑን ሆስፒስ ሲከፍቱ ህመም የሰውነት ብቻ አይደለም፣ የመንፈስም የቤተሰብም የኑሮም ነው ብለው ነው ያስተማሩት። የእኚህ አባት ህመም ግማሹ ቡናው ላይ ነበር።

ሌላው ትልቁ ፈተና ቤተሰብ ነው። ልጅየው ኮሪደር ላይ ይይዝሻል። "ሲስተር፣ እባክሽ ለአባባ እንዳትነግሩት። ከሰማ ይሞትብናል።" ይሄን ያልሰማ የጤና ባለሙያ የለም። የውጭ መጽሐፍ ቢጠየቅ በሽተኛው የማወቅ መብት አለው ብሎ ያልፋል፣ ልክ ነው፣ መብት አለው። ግን ተማሪዬ ለዚህ ልጅ ስለ መብት ሌክቸር ቢሰጠው ልጁ ይቆጣል፣ አባቱንም ከዋርድ ያወጣቸዋል። ቤተሰቡ የሚደብቀው ከክፋት አይደለም፣ ከፍቅር ነው። መጀመሪያ ያንን መስማት ያስፈልጋል። "ምን ይሆናሉ ብለህ ነው የፈራኸው?" ብሎ መጠየቅ። ከዚያ "አባባ ራሳቸው ቢጠይቁኝስ ምን ልበላቸው? መዋሸት አልፈልግም፣ ሳይጠይቁኝም አልነግራቸውም" ማለት። ብዙ ጊዜ በዚህ ይስማማሉ። ቆይቶ ደግሞ አባትየው ሁሉን ነገር ሲያውቁት እንደነበር፣ እሳቸውም ለልጆቻቸው ሲሉ ዝም እንዳሉ ይገለጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ሲደባበቅ የሚያልፈው ጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሊያወሩበት ይችሉ የነበረው ጊዜ ያ ነበር።

ይሄን ለማስተማር ከውጭ የመጣ ዘዴ አለ። አሜሪካ ውስጥ የካንሰር ሐኪሞች በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስፓይክስ የሚባል ባለ ስድስት ደረጃ አካሄድ ነው። ቦታውን አመቻች፣ ሰውየው የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ በቀላል ቋንቋ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ተነጋገር። ጥሩ ነው፣ አስተምረዋለሁ። ግን ተማሪዎቼ እንደ ፎርሙላ ሸምድደውት ፈተና ላይ ይጽፉትና ዋርድ ሲገቡ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ከመርዶ እጀምርላቸዋለሁ።

መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ሁሉም ያውቃል። በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም። ለብቻው ለሆነ ሰው አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ጎረቤት በሌሊት ይሰበሰባል፣ ሰውየው ልብ ሕመም እንዳለበት ይጠየቃል፣ የሚደግፈው ጠንካራ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንኳን ከሆነ እዚያ ያሉ ወዳጆቹ ቤቱ እስኪሰበሰቡ ይጠበቃል። ሲነገር ደግሞ ነገሩ በግልጽ ይነገራል፣ ከዚያ ማንም ተነስቶ አይሄድም። ለቅሶው ይለቀሳል፣ አብሮ ይቀመጣል። "እንግዲህ እናንተ ኮሪደር ላይ፣ ሰው በሚተላለፍበት፣ ለአንዲት ልጅ ለብቻዋ፣ ቆማችሁ፣ ካርድ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ እናትሽ አትድንም የምትሉት ከየት አመጣችሁት?" እላቸዋለሁ። ዝም ይላሉ። አያቶቻቸው የሚያውቁትን ነው ሆስፒታል በር ላይ የጣሉት። መርዶ የጎደለው ነገር አለ፣ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው ለራሱ የተሠራ አይደለም። እዚያ ላይ ስፓይክስ ይረዳል፣ በተለይ "ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" የሚለው ጥያቄ።

ልምምዱ ደግሞ በሰው ቋንቋ መሆን አለበት። ተማሪ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናል፣ ከዚያ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ወይም በአማርኛ ለምታለቅስ እናት መናገር አለበት። እኔ ክፍል ውስጥ አንዱን ልጅ አስታማሚ፣ አንዷን ነርስ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ፣ የሚናገሩት ቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ይስቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ይቆማል፣ አንዳንዱ የራሱን ቤት ያስታውሳል። ይሄ ልምምድ ምንም ወጪ የለውም። አሻንጉሊት አያስፈልገው፣ ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) አያስፈልገው፣ ሁለት ወንበር ይበቃል።

ስለ ጊዜ ልንገራችሁ። ሞት ሲቃረብ የሚያሳየው ምልክት አለ። ምግብና ውሃ መፈለግ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሽንት ይቀንሳል። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ጉሮሮ ላይ የሚንኮራኮር ድምፅ ይመጣል። ይሄን የሚያውቅ ነርስ ቀኑንና ሰዓቱን አይተነብይም፣ ግን "ጊዜው እየቀረበ ይመስለናል፣ ሊያይዋቸው የሚፈልጉ ሰዎች ካሉ ዛሬ ይምጡ" ማለት ይችላል። ይሄ አንድ ንግግር ስንት ነገር እንደሚያተርፍ ታውቃላችሁ?

ኦርቶዶክስ እናት ንስሐ ለመግባት መናገር መቻል አለባቸው፣ ለመቁረብ መዋጥ መቻል አለባቸው። ዘግይተን ከተናገርን ቄሱ ደርሰው ቆመው ያለቅሳሉ። ሙስሊም አባት አጠገባቸው ሸሃዳ የሚያስታውሳቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ፊታቸው ወደ ቂብላ እንዲዞር ይፈልጋሉ፤ አልጋ ማዞር ደግሞ የነርስ ሥራ ነው፣ የሚከለክለን የለም። ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ሽማግሌዎቹንና ዘማሪዎቹን ይዞ መጥቶ መጸለይ ይፈልጋል፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ብሎ በር ላይ ማስቆም ምን ይባላል? ኑዛዜም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ብዙውን ጊዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። አራት ሰው ለመሰብሰብም፣ አእምሮ ሳይደክም ለመናገርም ጊዜ ያስፈልጋል። ያለ ኑዛዜ የቀረ ቤት ውስጥ ወንድማማች ሲካሰስ ያየ ሰው ይሄ የጤና ጉዳይ አይደለም አይልም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የመኪናው ነገር። ከበንሳ፣ ከሁላ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከሀላባ ሰው ታሞ ሀዋሳ ይመጣል። ሕይወቱ እያለ መኪና ተከራይቶ መመለስና አስከሬን አድርጎ መመለስ ዋጋው አይገናኝም። አንዳንዱ ሹፌር አስከሬን ጭራሽ አይጭንም። ሰው አገሩ ገብቶ፣ ቤቱ፣ ከብቱን እያየ፣ በዘመዱ መሃል መሞት ይፈልጋል። ሐኪሙ ግን በግልጽ ስላልነገራቸው ቤተሰቡ ተስፋ ይዞ ይቆያል፣ ላሟን ሸጦ አልጋና መድኃኒት ይከፍላል፣ በመጨረሻ ሌሊት ላይ አስከሬን ይዞ ሹፌር ይለምናል። ቀደም ብሎ ጨክኖ በደግነት የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ይሄ አይደርስም ነበር። ተማሪዎቼ ላይ ይሄን ደጋግሜ የምለው ለዚህ ነው፤ ዝምታችን ገንዘብ ያስወጣል፣ የሚከፍሉት ደግሞ ድሆቹ ናቸው።

የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ላይ ቤተሰብ "ግሉኮስ ይሰካለት" ይላል። ሳይበላ ሳይጠጣ ሲያዩት አንጀታቸው አይችልም። ተማሪው ወይ ዝም ብሎ ይሰካል ወይ ዝም ብሎ እምቢ ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሰውነት ሲዘጋ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ እንደሚዘጋ፣ ብዙ ፈሳሽ ሲገባ እብጠትና የጉሮሮውን ድምፅ ሊያባብስ እንደሚችል ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት። ከዚያ የሚሠሩት ነገር ይስጣቸው። ታማሚዋ እናት ብትሆን፣ ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ነክራ አፏን እንድታርስ ለልጇ ያሳያት። ከንፈሯን ቅባት ትቀባት። በጎን አስተኝተው ጀርባዋን በትራስ ይደግፉ። ምላሽ መስጠት ያቆመ ሰው ሊሰማ ስለሚችል ያናግሯት፣ ስለ ቀብር ወጪ ግን ጆሮዋ ሥር አይከራከሩ። አስታማሚ እጁ ሥራ ሲያገኝ ይረጋጋል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የት ይግባ? የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ለአገሮች ሦስት የፓሊየቲቭ ኬር ሥልጠና ደረጃ አስቀምጧል፤ መሠረታዊው በሁሉም የሕክምናና የነርስ ትምህርት ውስጥ፣ መካከለኛው ለሕይወት አስጊ በሽታ ካለባቸው ሰዎች ጋር ዘወትር ለሚሠሩት፣ ከፍተኛው ለስፔሻሊስቶች። አገራችንም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አውጥታለች። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። የሚቀረው ተማሪው ጋር ማድረስ ነው፣ ተማሪው ጋር የሚደርሰው ደግሞ የሚፈተንበት ነገር ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር አይጠናም። ሎግ ቡኩ ላይ የሚታዘብ ሰው የሚፈርምባቸው መስመሮች ይግቡ። ህመም በጣት ጠይቆ መዘገበ፣ ሞርፊን በሰዓቱ ሰጥቶ የሆድ ማለስለሻ አብሮ አስታወሰ፣ ባለሙያ ባለበት ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ተነጋገረ፣ ለሚሞት ሰው የአፍ እንክብካቤ አደረገ። ኦስኪ ላይ፣ ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ በሚፈተንበት የተግባር ፈተና፣ አንድ ጣቢያ ለዚህ ይሰጥ። አንድ ብቻ።

ማን ያስተምር ለሚለው፣ ሰው የለም አይባልም። አዲስ አበባ ላይ ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲንከባከብ ቆይቷል፣ ባለሙያም ያሠለጥናል። እዚሁ ሀዋሳ ደግሞ ቄስ አሉ፣ ሼኽ አሉ፣ ፓስተር አሉ፣ የእድር ዳኞች አሉ፣ መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሽማግሌዎች አሉ። ለአንድ ከሰዓት ክፍል ጋብዟቸው። ተማሪዎቹ ከእኔ ስላይድ ይልቅ እነሱን ነው የሚሰሙት፣ እኔም አብሬ እማራለሁ።

ተማሪዎቹ ራሳቸውም መታሰብ አለባቸው። የሃያ ዓመት ልጅ ጠዋት ፊቷን ያጠበቻት እናት ከሰዓት ስትሞትባት ካየች በኋላ "ቀጥሎ አልጋ ቁጥር ስምንት፣ ቫይታል ሳይን ውሰጂ" ትባላለች። ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳ ትመለሳለች። ሦስት አራቴ እንዲህ ከሆነ ማልቀስ ታቆማለች፣ ከዚያም ጥግ ያለችውን አልጋ ማለፍ ትጀምራለች። አስተማሪ ከሞት በኋላ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ትንሽ ይቀመጥ። ምን አያችሁ፣ ምን ከበዳችሁ፣ ምን በደንብ ተሠራ ይበል። ዕረፍት ክፍሉ ካልተመቸ ውጭ ዛፉ ሥር ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋርም መድረስ አለበት፣ ቤት ለቤት የምትሄደው እሷ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ያለው ተማሪ ደግሞ በሽተኛ ወደ ቤት ሲላክ እንዴት እንደሚልክ ይማር። አሁን የመልቀቂያ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የበሽታውን ስም ይዞ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ የሚያነበው የለም። ወረቀቱ ላይ ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ የመድኃኒቱ ሰዓት ይጻፍ፣ ሌሊት ህመሙ ቢነሳ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚጨመር ይጻፍ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጡት ይጻፍ፣ ሲጨንቃቸው የሚደውሉበት የዋርዱ ስልክም ይጻፍ። ተማሪው ከመላኩ በፊት አስታማሚውን መልሶ "እስኪ ንገረኝ፣ ሌሊት ቢያመው ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ካልተሟላ እንደገና ያስረዳው።